«እንካ አንብበው» ስለ ማለት

(በተማሪዎች ማኅበር የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ በዚህ አዳራሽ ንግግር እንድናደርግ በጠየቀን ጊዜ መጀመሪያ ያሰብነው እምቢ ለማለት ነበር። ከእኛ አስቀድመው እዚህ የቆሙት ስለ ገንዘብ ዋጋ መውረድ፣ ስለ ዓባይ ውሃና ስለ ሕገ መንግሥት የተናገሩ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን በአንድ መኝታ ክፍል የምንኖር አምስት ተማሪዎች ነን። ሌላ የምናውቀው ሞያ የለንም፤ ማታ ማታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ «ይህን መጽሐፍ አንብበኸዋል ወይ? ያን ፊልም አይተኸዋል? እስቲ ይህቺን ዘፈን ስማት» እየተባባልን እናመሻለን። ጸሐፊው ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ስለዚሁ ተናገሩ» አለን። ስለዚህ ጽሑፉን ያዘጋጀነው አምስታችን ነን፤ የሚያነብላችሁ ግን አንዳችን ነው። እሱ ለምን እንደ ተመረጠ ወደ ኋላ ትሰማላችሁ።

ነገሩን ከገዛ ኀፍረታችን እንጀምር።

አምና በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አንድ አዲስ ተማሪ ከገጠር መጥቶ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል ገባ። ዝምተኛ ልጅ ነው። አንድ ማታ በራችንን አንኳኩቶ «እናንተ ብዙ ታነባላችሁ አሉ፤ ከአማርኛ መጻሕፍት የቱን ላስቀድም?» ብሎ ጠየቀን። እኛም ቀድሞ እንደ ተማከረ ሰው ሁላችን በአንድ አፍ «ፍቅር እስከ መቃብር!» አልነው። በዚህም አላበቃንም፤ ስለ ጉዱ ካሣ ብልኅነት፣ ስለ ሰብለ ወንጌል ውበት፣ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ግማሽ ሰዓት ያህል ሰበክነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. እንደ ታተመ፣ ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ አርበኛም ዲፕሎማትም እንደ ነበሩ ሳይቀር ነገርነው። ልጁ አመስግኖን ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ከአምስት መቶ ገጽ የሚበልጠውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ጨርሶታል። ዓይኑ በንባብ ብዛት ቀልቷል፤ ፊቱ ግን በርቷል። ካንዱ አልጋ ጫፍ ተቀመጠና «ስለ ውድነሽ በጣሙ ምን ትላላችሁ?» አለን። እርስ በርሳችን ተያየን። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ ከመካከላችን አንዱ «ውድነሽ ደግሞ ማን ናት?» አለ።

መጽሐፉን ያነበባችሁ እንደምትሥቁ እናውቃለን። ያላነበባችሁም አብራችሁ ትሥቃላችሁ፤ እኛም እንዲሁ ስናደርግ ኖረናልና። ውድነሽ በጣሙ የበዛብህ እናት ናት። እሷንና ባሏን ቦጋለ መብራቱን ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ገና መጽሐፉ ሲከፈት ያሉ ሰዎች ናቸው። ለካ ከአምስታችን ሁለቱ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ቍርጥራጩን ሰምተዋል እንጂ ገጹን አልገለጡም፤ ሦስተኛው ጀምሮ ትቶታል፤ አራተኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህሩ ያወሩለትን እንደ ራሱ ንባብ አድርጎ ይዞታል፤ አምስተኛው ሽፋኑን እንኳ በእጁ ነክቶ አያውቅም። አምስት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን መጽሐፍ ስናወድስ ስንኖር፣ እያንዳንዳችን ሌላው ያነበበው ይመስለን ነበር።

ልጁ አልተቆጣም። «አይ፣ እንዲያው ነው፤ ደኅና እደሩ» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላም ሰላምታውን አልነፈገንም። መጽሐፍ ግን ዳግመኛ አልጠየቀንም።

እኛን ያሳዘነን በውሸት መያዛችን ብቻ አልነበረም። ያ ልጅ ሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሲያነብ፣ በመጽሐፉ መጨረሻ አምስት ሰዎች ተቀምጠው የሚጠብቁት መስሎት ነበር። ቢደርስ ማንም የለም። ከቤተሰቡ ርቆ፣ ከተማውን ገና ሳይለምድ፣ የሚያነጋግረው ሰው ፈልጎ ለመጣ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው አሳብ ከዚህ ወዲያ ብዙም አይርቅም። ሰው ለወዳጁ «እንካ አንብበው» ሲል ሁለት ቃል ይሰጣል። አንደኛው «እኔ አንብቤዋለሁ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ስትጨርስ እዚህ አለሁ» የሚል ነው። አንደኛው ሐሰት ሲሆን ሁለተኛው አብሮ ይፈርሳል።

ይህ ልማድ በእኛ ዘመን የተጀመረ አይምሰላችሁ። የቆሎ ተማሪ ዳዊቱን ከደገመ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክተው የታተመ ማውጫ አልነበረውም። በመንገድ ያገኘው ሌላ ተማሪ ነው ለቅኔ ዋሸራና ጎንጅ፣ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር እያለ የሚነግረው። ሰሚውም አኵፋዳውን አንግቶ፣ ከየመንደሩ ውሻ ጋር እየታገለ፣ እየለመነ፣ ብዙ ቀን በእግሩ ይሄዳል። ያልዋለበትን ጉባኤ የሚያወድስ ተማሪ ሌላውን ስንት ተራራ በከንቱ ያስወጣው ይሆን? የእኛ ጥቆማ የሚያስከፍለው እግር ስላይደለ ዋጋ የሌለው ይመስለናል።

አሁን ወደ ሙዚቃ እንለፍ። እዚህ ላይ ጥቂት እንቈያለን፤ ታሪኩን ስለምንወደው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ፣ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ያመጣውን አንድ ሸክላ ሰማ። ሸክላው ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተው «እረ መላ መላ» ነበር። ሰውየው ቋንቋውን አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ሙዚቃም ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም። ታዲያ ምን አደረገ? ሸክላውን በካሴት እየቀዳ ሙዚቃ ያውቃሉ ለሚላቸው ወዳጆቹ ላከላቸው፤ «ይህን ታውቁታላችሁ ወይ?» ሲል ጠየቀ። የሚያውቀው አልተገኘም። በሚከተለው ዓመት ራሱ ወደ አዲስ አበባ መጣ። እንደዚያው አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. ያ ዘፈን በቤልጅግ አገር ክራምድ ዲስክስ በተባለው ኩባንያ ታተመ። በ1990ዎቹ መጨረሻም «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እትም ተጀመረና ዛሬ ከሠላሳ ቅጽ በላይ ሆኗል። አምሃ እሸቴ በዚያው አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. የራሱን ሸክላ ቤት ከፍቶ ያሳተማቸው ብዙ ዘፈኖች በዚህ ተከታታይ ውስጥ እንደ ገና ለዓለም ተሰሙ።

ልብ በሉ፤ ፋልሴቶ ዘፈኑን አልሠራውም። የሠሩት ዘፋኞቻችን፣ ተጫዋቾቻችንና አሳታሚዎቻችን ናቸው። የፋልሴቶ ሥራ በመጀመሪያ ወዳጁ ያሰማውን ለሌላ ወዳጅ ማሰማት ብቻ ነበር። ነገር ግን ሰምቶ ነው ያሰማው፤ ካሴቱንም የላከው ከነጥያቄው ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የ«ኢትዮፒክስ» አራተኛ ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ነው። ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ የሙላቱን ሙዚቃ ወዶ እንደ አውሮፓውያን በ2005 ዓ.ም. «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ አስገባው፤ ፊልሙም በዚያው ዓመት በካን የግራን ፕሪ ሽልማት አገኘ። በፊልሙ ውስጥ ዊንስተን የሚባል ኢትዮጵያዊ ጎረቤት አለ። ቢል መሪ ሆኖ የሚጫወተው ብቸኛ ሰው ረጅም መንገድ ሊሄድ ሲነሣ፣ ዊንስተን የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ «በመንገድህ ስማው» ብሎ ይሰጠዋል። ሰውየው መኪናውን እየነዳ ከተማ ለከተማ ሲዞር ሙላቱ አብሮት ይዞራል። ከመካከላችን ይህን ፊልም ሦስት ጊዜ ያየ አለ፤ ታሪኩን ሲጠየቅ የሚያስታውሰው ግን የሲዲውን ነገር ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ ክፍላችን ተከፋፍሏል። አንዳችን «የገዛ ዘፈናችንን ከፈረንሳይ መማራችን ያሳፍራል» ይላል። ሌላው «ዘፈን ፓስፖርት የለውም፤ ከየትም ይምጣ» ይላል። ክርክሩን ያበረደው አንድ ትንሽ ነገር ነው። የመጀመሪያው ተከራካሪ ለበዓል ወደ ቤቱ ሲሄድ ከአባቱ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የለበሱ ስድስት ሸክላዎች አገኘ፤ ከእነርሱም አንዱ የማሕሙድ ነበር። «አባባ፣ ይህ ቤታችን ሲኖር ለምን አንድ ቀን ስሙት ሳትለን ቀረህ?» ቢላቸው፣ አባትየው «እናንተስ መቼ ጠየቃችሁኝ?» ብለው መለሱለት። ማጫወቻው ከተበላሸ ሃያ ዓመት አልፎታል። ልጁ ግን ሸክላዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቷቸዋል፤ ማጫወቻ ያለው ሰው ካለ ከስብሰባው በኋላ ያነጋግረን።

ስለ መጻሕፍት አንድ ከባድ ነገር ይቀረናል፤ እዚህም ላይ እኛው ተከሳሾች ነን።

በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አሳተመ። ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ የተጻፈው ይህ ልብ ወለድ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። መጽሐፉ ግን አልጠፋም። ሳይሰበሰብ የተረፈው ቅጂ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። በዚያን ጊዜ «እንካ አንብበው» ማለት ሰጪውንም ተቀባዩንም ሊያሳስር ይችል ነበር። ስለዚህ ሰው ለማን እንደሚሰጥ አስቦ፣ ሁለቴ ተመልክቶ ነበር የሚሰጠው። ዛሬ መጽሐፉ በየመደብሩ ይሸጣል፤ እንደ አውሮፓውያን በ2025 ዓ.ም. በእንግሊዝኛም ወጥቷል። እነዚያ ሰዎች ባይሸሽጉትና ባያቀባብሉት ኖሮ የኛ ትውልድ «ኦሮማይ»ን በስም ብቻ ያውቀው ነበር ይሆናል።

ይህን ታሪክ እየጠቀስን ዛሬ ራሳችንን የምናሞካሽ ሰዎች ሞልተናል። በሞባይላችን ላይ በቴሌግራም የመጣ የመጽሐፍ ፒዲኤፍ ሲደርሰን ወዲያው ለአርባ ሰው እናስተላልፋለን፤ «እውቀት ይስፋፋ» እንላለን። ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ያን ጊዜ መጽሐፉን ከሞት ማዳን ነበር። ዛሬ ግን ደራሲው በሕይወት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከማተሚያ ቤት በብድር ያወጣውን መጽሐፍ ራሱ ተሸክሞ እየዞረ ይሸጣል። እኛ በስካነር የተነሣውን ስናሰራጭ ብድሩን እናራዝምበታለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዳለ የሕግ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ያውቃሉ፤ እነርሱም ያስተላልፋሉ።

ባለፈው ጥር አንዳችን አንድ አዲስ ልብ ወለድ እንዲህ አድርጎ ለሠላሳ ስምንት ሰው ላከ። ከወር በኋላ ምን ያህሉ እንዳነበቡት ጠየቀ። አንድም ሰው አላነበበም። ራሱም አላነበበውም ነበር! ደራሲው ገንዘቡን አጣ፤ አንባቢም አላገኘም። ይህን ያህል ኪሳራ በአንድ ጣት ንክኪ ማድረስ ይቻላል ብለን አናስብም ነበር። ከዚያ በኋላ አምስታችን ገንዘብ አዋጥተን ያን መጽሐፍ ገዛን፤ በየተራ እናነበዋለን። አንድ ቅጂ ለአምስት ሰው ማዋስ የትም አገር ያለ ወግ ነው፤ ደራሲውም የሚቆጣ አይመስለንም።

ሳንገዛ ማንበብ የሚያስፈልገው ድኻ ተማሪስ ምን ያድርግ? የምትሉ አላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኛም ሀብታሞች አይደለንም። ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ወመዘክር አለ፤ የድሮ መጽሐፍ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያነበበውን መደርደሪያ ላይ የሰቀለ ወዳጅ አለ። ማዋስ ግን መመለስን ይጠይቃል። በዚህ ረገድ ስማቸውን ልንጠራ ያሰብናቸው ሦስት ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ ስላሉ ትተነዋል።

ስለ ፊልም አጭር ነገር እንናገር። ጥሩ ጥቆማ ምን እንደሚመስል የተማርነው ከአንዲት የታሪክ ተማሪ እኅታችን ነው። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት» እንድናይ ስትነግረን እንዲህ አለችን። «ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ዝግ ያለ ነው። ደክሟችሁ ከሆነ ዛሬ አትዩት። አንተ ግን» አለችው ከመካከላችን የገበሬ ልጅ የሆነውን፣ «አንተ ግን እየው፤ አባትህ የነገሩህን እዚያ ታገኘዋለህና።» እንግዲህ ተመልከቱ፤ «በጣም ቆንጆ ነው» አላለችም። ጉድለቱንም፣ ጊዜውንም፣ ለማን እንደሚሆንም ነገረችን። አራታችን በመካከሉ አንቀላፋን። የገበሬው ልጅ ግን እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ በማግስቱም ለአባቱ ስልክ ደወለ። ምን እንደ ተነጋገሩ አልነገረንም።

መምህራኖቻችንንም በድፍረት አንድ ነገር እንለምናለን። በየኮርሱ መጀመሪያ የምትሰጡን የመጻሕፍት ዝርዝር አርባም ስድሳም ስም አለው። ከነዚህ መካከል እናንተን ሌሊት ያላስተኛችሁ የቱ ነው? የትኛውንስ ስለ ወግ ብላችሁ ብቻ አስገባችሁት? አንድ መምህር ባለፈው ዓመት ከዝርዝሩ አጠገብ በእርሳስ «ይህን ከምዕራፍ አራት ጀምሩ፤ መጀመሪያው ይሰለቻል» ብለው ጽፈውልን ነበር። በዚያ ኮርስ ክፍሉ በሙሉ ያነበበው መጽሐፍ እሱ ብቻ ነው።

ዛሬ ደግሞ ዩቲዩብና መሰሎቹ ያለ ጥያቄ ይጠቁሙናል። አንነቅፋቸውም፤ ብዙ ደኅና ዘፈን አሰምተውናል። የነካነውን ቆጥረው የሚመስለውን ያቀርቡልናል፤ ሆኖም ስለ ውድነሽ በጣሙ ለመጨዋወት አልጋችን ጫፍ መጥተው አይቀመጡም።

ወደ ልጁ እንመለስና እንጨርስ። ለፋሲካ ዕረፍት ሁለት ቅጂ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተውሰን ማንበብ ጀመርን። ስለ መጽሐፉ ምን እንዳሰብን እዚህ አንዘረዝርም፤ አምስታችንም የተለያየ ነገር ነው ያሰብነው። ሲያልቅ የልጁን በር አንኳኳን። ከፈተና ዝም ብሎ አየን። «ስለ ውድነሽ በጣሙ ልናወራ መጥተናል» አልነው። ጥቂት አመነታ፤ ከዚያም እያንዳንዳችንን በተራ «ጨርሰኸዋል?» እያለ ጠየቀን። አራታችን «አዎን» አልን። አምስተኛው «ገጽ ሁለት መቶ አካባቢ ነኝ» አለ። ልጁም ሳይሥቅ «እንግዲያው አንተ ሂድና ጨርሰህ ና፤ መጨረሻውን እንዳናበላሽብህ» ብሎ በሩን ዘጋበት። እኛ አራታችን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተጨዋወትን። ልጁ ስለ እናትየዋ የሚያስበውን ሁሉ፣ ስለ ስለቱና ስለ ፍርሃቷ፣ ስለ ገዛ እናቱም ጭምር ነገረን። ያን ሁሉ ቃል ለወራት ብቻውን ይዞት ነበር።

በር የተዘጋበት ወንድማችን እስከ ዛሬ አልጨረሰም፤ አሁን ገጽ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ላይ ነው። ይህን ጽሑፍ እንዲያነብላችሁ ያደረግነው ስለዚህ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ በማኅበሩ ክፍል፣ ከበሩ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አኑረናል። መጽሐፍ፣ ፊልም ወይም ዘፈን የሚጠቁም ሰው የክፍሉን ቁጥር ይጻፍበት፤ ያነበበ ሰው ሊያነጋግረው ሲፈልግ የት እንደሚያገኘው ያውቅ ዘንድ። እስክሪብቶው በክር ታስሯል፤ እባካችሁ እዚያው ተዉት።